የጅዳ ግንብ

ክረምቱን ደሴ ወንድ ልጄ ዘንድ ከርሜ ባለፈው ሰሞን ወደ መካነ ሰላም ስመለስ፣ ከሚኒባሱ የወረድኩት ወገቤ እንክትክት ብሎ ነው። ያ መንገድ ወጣቱንም ያስረጃል፣ እንኳን እኔን። ቤቴ ገብቼ እግሬን ልዘርጋ ብዬ የግቢውን በር ገፋ ሳደርግ ክው ብዬ ቀረሁ። ጓሮው ፌሮ በፌሮ ሆኗል። ኮለን ቆሟል፣ አሸዋ ተቆልሏል፣ ግንበኞች ሲሚንቶ ያቦካሉ። ከጓሮው ጫፍ ደግሞ ያ የግንቡ ሽንቁር፣ ሰፈርተኛው ሁሉ የሚያልፍበት፣ በአዲስ ብሎኬት እስከ ደረቴ ድረስ ተደፍኗል።

«ፈትያ!» አልኩ፣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ።

ፈትያ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ዓረብ አገር ስንት ዓመት ሠርታ የገባችው አምና ነው። ወላጆቼ ካለፉ ወዲህ የምኖርበት የአባቴ ግቢ ላይ ፎቅ ልትሠራ እንዳሰበች አውቃለሁ፤ መርቄያታለሁም። ሽንቁሩን ትደፍናለች ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩ።

«እማ! እንኳን ደህና ገባሽ! ምነው፣ አላማረም?»

«ይሄን ማነው ድፈኑት ያለው?»

«በከተማው ፕላን እዚህ ጋ መንገድ የለም እኮ። የኛ ይዞታ ነው። መሐንዲሱ ለክቶ አሳይቶኛል።»

ሻንጣዬን ጣልኩና ከብሎኬቱ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። ወይ ፕላን! ልጅቱ የምትለው አይገባኝም ብላችሁ አታስቡ፤ በደንብ ይገባኛል። ያደነዘዘኝ ሌላ ነገር ነው።

በልጅነቴ ሰፈራችን እንዲህ በካሬ አልተሸነሸነም። ቤቱ ሁሉ ዳገቱ ላይ እንደተመቸው ተቀምጦ፣ አጥሩ አጠና ሆኖ፣ መንገዱ በሰው ግቢ መሀል ነበር የሚያልፈው። ውሃ የሚቀዳው፣ መስጊድ የሚወርደው፣ ገበያ የሚሄደው ሁሉ በአባቴ ጓሮ ነው። ዝም ብሎ ግን አይታለፍም። ሰውየው መሹለኪያው ጋ ሲደርስ «ቤቶች! አሳልፉን!» ይላል። ከውስጥ ያለው፣ በሶ እየጨበጠም ይሁን ልጅ እየገረፈ፣ ቀና ሳይል «እለፉ! አላህ ያሳልፋችሁ!» ይላል። እስላሙም ክርስቲያኑም እንዲሁ ነው። ማን እንደሆነ እንኳ አይጠየቅም። እናቴ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ስትመልስ ሰምቻታለሁ፤ ወላሂ!

እኔ አግብቼ ወደ ላይኛው ሰፈር ከወጣሁ ብዙም ሳይቆይ ታላቅ እህቴ ሉባባ ጅዳ ሄደች። ከዚያማ ቤታችን ሌላ ሆነ። የሣሩ ጣሪያ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ሳሎኑ ምንጣፍ ተነጠፈበት። ያኔ ስልክ እንደ ልብ አልነበረም፤ ሉባባ ድምጿን በካሴት ቀርጻ ነበር የምትልከው። አንዱ ካሴት ላይ «አባ፣ እዚህ አገር ግቢው ሁሉ ግንብ ነው። የኛ ጓሮ የመንጋ መተላለፊያ መሆኑ ይብቃ» አለች። አባቴ ካሴቱን እየመለሱ ሰሙት፤ ከዚያ ግንበኛ ጠሩ።

የሚገርመው፣ ብሎኬቱን ከመኪና አራግፎ ዳገቱን ተሸክሞ ያወጣው ራሱ ጎረቤቱ ነው። በደቦ! እናቴ የገብስ ቆሎና የተቀቀለ ድንች በእርጎ ታቀርባለች፤ ወንዶቹ እየበሉ፣ እየሳቁ፣ የገዛ መንገዳቸውን ይዘጋሉ። ጋሼ ወርቁ የሚባል ከላይኛው ሰፈር የኔ ጎረቤት የሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፋ ሰው፣ «ሐጂ፣ ከኛ ነው እንዴ የሚታጠሩት?» ሲላቸው አባቴ አብረው ሳቁ። አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተከለበት። ፀሐይ ሲያርፍበት ሲያብለጨልጭ ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ሰፈሩም «የጅዳ ግንብ» ሲል ጠራው።

ከላይኛው ሰፈር የሚወርደው ጉራንጉር በአንድ ወገኑ ቋጥኝ፣ በሌላው የቤት ጀርባ ነው፤ መጨረሻው ግንቡ ሆነ። ሰው በገደሉ በኩል መዞር ለመደ። የለመደ መሰለን።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ምጤ መጣ። የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔም ገና ልጅ ነኝ። ሴቶቹ ገሚሱ «ያ ረቢ»፣ ገሚሱ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ዋሉልኝ። ልጁ ግን ወይ ፍንክች! ደሙ ሲበዛ የሰፈራችን አዋላጅ እትዬ ዘይነባ ፊቷ ተለዋወጠ። «ከአቅሜ በላይ ነው፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ አውርዷት!» አለች። ባሌና ጎረቤቶቹ ከነገመድ አልጋዬ ትከሻቸው ላይ አወጡኝ።

ጉሙ ከፊት የሚሄደውን ሰው አያሳይም። ከላዬ ነጭ፣ ከጎኔ ነጭ፤ ከሥሬ የሰዎቹ እግር ጭቃው ውስጥ ሲላቀቅ ይሰማኛል። «አብሽሪ፣ ሰዓዳ! በርቺ፣ ደረስን!» ይሉኛል። የረጠበ ጋቢ ሽታቸው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ድንገት ቀጥ አሉ። አልጋው ወደ ፊት ተንገጫግጮ ልወድቅ ነበር።

«ምንድነው? ምን ሆናችሁ?» አለ ባሌ ከኋላ።

«ግንቡ!» አለ ጋሼ ወርቁ።

ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ያሠራውን ግንብ፣ አውሬ እንዳየ ሰው ነው የጮኸበት። በገደሉ በኩል መዞር ሲገባቸው፣ በጥድፊያውና በጉሙ እግራቸው የጥንቱን መንገድ ይዞ ወርዷል፤ አንዳቸውም ልብ አላሉም። ጉራንጉሩ ጠባብ ነው፤ አልጋ አይዞርበትም። ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ዳገቱ ጭቃ ብቻ ነው። ደሙ ከሥሬ ይሞቀኛል። እዚሁ በአባቴ ግንብ ሥር ልሞት ነው ብዬ ጮህኩ።

ጋሼ ወርቁ ጨነቀውና አፉ የለመደውን ተጣራ፤ «ቤቶች! ሐጂ! አሳልፉን!»

ከግንቡ ወዲያ የአባቴ ድምፅ ወዲያው መጣ። «እለፉ! አላህ ያሳልፋችሁ!»

ከመለሱ በኋላ ነው ግንቡ ትዝ ያላቸው።

«ማናችሁ?» አሉ፣ ድምፃቸው አንሶ።

«ሰዓዳ ናት! ምጥ ላይ ናት፣ ሐጂ! ደም እየፈሰሳት ነው!»

የእናቴን ጩኸት ሰማሁ፤ «ልጄን! ኧረ በአላህ ልጄን!» ቀጥሎ «ፊቷን ሸፍኗት!» የሚል የአባቴ ድምፅ፣ ቀጥሎ ዶማ። ግንቡ ሲመታ እስከ አልጋዬ ድረስ ይነዝራል። የጠርሙሱ ስባሪ ከላይ ሲረግፍ ጋሼ ወርቁ ጋቢውን ገፎ አለበሰኝና በላዬ ጎንበስ አለ። ጀርባው ላይ የቀረው ጠባሳ እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ነበር። ግንበኛው ለካ ሲሚንቶውን ቆጥቦበታል! ሌላው ይርገመው፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ። የግንቡ መሀል ተናደና አልጋ የሚያሳልፍ ሽንቁር ተከፈተ።

ጤና ጣቢያ አልደረስኩም። ነርሷን በሩጫ አመጧት፤ ፈትያ የተወለደችው አባቴ ሳሎን፣ ከጅዳ በመጣው ምንጣፍ ላይ ነው። ምንጣፉ አልተረፈም፤ እኛ ተረፍን፣ አልሃምዱሊላህ። እናቴ ገንፎውን እያገነፋች ታለቅሳለች። አባቴ እጃቸው እንደደማ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው «እለፉ አልኳቸው እኮ» ይላሉ፤ «እለፉ አልኳቸው እኮ።» ሰው ሲያጽናናቸውም ያንኑ ይደግማሉ። የልጅቱን ስም፣ ከመክፈት የመጣውን «ፈትያ»ን፣ ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ሽንቁሩን ሉባባ በካሴት ብትወተውት፣ ጎረቤት ጠርበን እናስተካክለው ቢል፣ አላስነኩትም። ኋላ አባቴም እናቴም ወደ መቃብር የሄዱት በዚያው ወጥተው ነው።

ይህን ሁሉ ብሎኬቱ ላይ እንደተቀመጥኩ ለፈትያ እንደ አዲስ ነገርኳት።

«አውቀዋለሁ እኮ፣ እማ። ስንቴ ነግረሽኛል!» አለች ሳቅ ብላ። «ዛሬ ግን ስልክ አለ፤ አምቡላንስ አለ።»

«አምቡላንሱ የሚቆመው ዋናው መንገድ ላይ ነው። ከላይ ያለችዋን ምጥ የያዛትን ማን ያወርድልሻል? እኔንስ በየት ልታወጪኝ ነው?»

«ውይ እማ! ክፉ አታውሪ!» ብላ ወደ ግንበኞቹ ዞረች። «ቀጥሉ» አለቻቸው።

የወለድኳት ልጅ! በዚያ ሽንቁር የገባች ልጅ!

ግንበኛው ብሎኬት ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ከወዲያ የሴት ድምፅ መጣ። ውሃ ልትቀዳ የምትወርድ የላይኛው ሰፈር ልጅ ናት፤ ከተቀመጥኩበት ከብሎኬቱ በላይ ሻሿና የባዶ ጀሪካኗ ጫፍ ብቻ ይታየኛል።

«ቤቶች! አሳልፉኝ!»

«እለፊ! አላህ ያሳልፍሽ!» አለች ፈትያ፣ ከእጅ ስልኳ ላይ ቀና ሳትል።

ከዚያ ቀና አለች። ያንን የተደፈነ ሽንቁር አየች፤ ሻሹን አየች። ልጅቱ ወዲያ ማዶ ቆማ ትጠብቃለች። የፈትያ ፊት አመድ መሰለ። ግንበኛው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። ሄደች፤ የላይኛውን ብሎኬት በሁለት እጇ ነቅላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር።

«እለፊ አልኳት እኮ፣ እማ» አለችኝ።

አባቴ ቁጭ ብለው የተናገሩ ነው የመሰለኝ። እንባዬ መጣ።

አሁን ፎቁ እየወጣ ነው፤ ያምራልም፤ ውሸት አልናገርም። ሽንቁሩ እንደነበረ አለ። ፈትያ የብረት በር ልግጠምለት ትላለች፣ እኔ ምን ሲደረግ እላለሁ፤ በዚሁ እንጨቃጨቃለን። ቀኔ ሲደርስ ተሸካሚዎቼ እዚያ ደርሰው «አሳልፉን» ሲሉ የምትመልስላቸው እሷ ናት። ያን ጊዜ እንኳ፣ እኔን ልትሸኝ፣ እንዲህ ፈጥና «እለፉ» ባትላቸው ደስ ይለኛል።