የእትዬ ዘነበች ቁስልና የወጥ ቤቴ ቅቤ

ይህን በመንገሬ ሽበቴንም፣ የሚያከብሩኝንም ሰዎች አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ ዘነበች በኩራዝ ብርሃን ተረት ያወሩልኝ ነበር። ያኔ ከሁሉ የምወደው እሳት ስላቃጠለው የአንበሳ ደቦል የሚያወራውን ተረት ነበር፤ ጦጣ መጥታ ገላውን ሁሉ ቅቤ ትቀባዋለች፣ ደቦሉም እፎይ ብሎ ይተኛል። እኔም አብሬው እተኛለሁ።

በኮሮናው ጊዜ እትዬ ካምፓላ፣ ካምዎክያ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ከከፈትኩበት ድረስ መጥተው ለጡት ካንሰር የጨረር ሕክምና ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ብብታቸው ሥር ጠቆረ፣ ደረቀ፣ ከዚያም ውሃ ቋጠረ። «ያቃጥለኛል» አሉ። ሲስተሯ ቆዳቸው ከተለወጠ ወዲያው እንድንነግራት አስጠንቅቃን ነበር፤ እኔ ግን ቃጠሎ ምን እንደሚፈልግ ከሕፃንነቴ የተማርኩ ሰው ነኝ። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረውን ቅቤ ከወጥ ቤቴ አምጥቼ ሦስት ቀን ለቀለቅኳቸው።

«እንዴት ነው እትዬ?»

«ደህና ነው፣ የኔ ጌታ» ይሉኛል፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

በአራተኛው ቀን ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ሁሉም ጭንብል አድርጎ ስለነበር ሽታውን የነገረኝ የለም። ሲስተሯ ግን ልብሳቸውን ገለጥ እንዳደረገች «ምሳ ይዛችሁ ነው የመጣችሁት?» አለች። ቁስሉን ስታይ ሳቋ ጠፋ። መርቅዞ ነበር። ዶክተሩ ጨረሩን አስቆመው። «መቼ ይቀጥላል?» ስለው «ሲድን» አለኝ። ካንሰሩ ቁስሉ እስኪድን እንደማይጠብቅ ግን እኔም አላጣሁትም።

ሲስተሯ ለብ ባለ ውሃ አጠበችው፤ ሳትፈትግ ጠፍ ጠፍ እያደረገች አደረቀችው፤ የማይጣበቅ ፋሻ አድርጋ ሽታ የሌለው ቅባትና መድኃኒት ሰጠችን። እኔ አሁንም ወደ እትዬ ዞሬ፣ «በተረቱ ላይ ጦጣዋ ቅቤ ቀብታው አይደል የዳነው?» አልኩ።

«አይ አንተ! ሁልጊዜ ሳያልቅ ትተኛ ነበር እኮ! ጦጣዋ የቀባችው ቅቤውን ልትልሰው ነው። የደቦሉ ቆዳ ተልጦ ቀረ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«እንደዚያ ደስ ብሎህ ስትቀባኝ ምን ልበልህ?»

በአሥረኛው ቀን ቁስሉ ደረቀ፣ ጨረሩም ቀጠለ፤ በኋላም ሕክምናቸውን ጨረሱ። እኔ ዘንድ የቀረው እንዳላፍር ብለው ችለውት የነበረው ቃጠሎ ነው፤ ዛሬም ፊቴን ይለበልበኛል።

አደራ፣ ይህን ለማንም አትድገሙት። እትዬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ እኮ ነው አስታሞ ያዳነኝ» እያሉ ነው።