ናፍጣ ናፍጣ ያለው ወተት

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሎጊያ እኔን የማያውቅ ሹፌር ካለ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ትናንት ነው። ሞተር ፈትቶ መግጠምን ማንም አላስተማረኝም፤ ማንበብንም ከዘይት ቆርቆሮ ላይ ራሴ ነኝ የለቀምኩት። አፍንጫዬ ደግሞ ለብቻው ሙያ ነው። ናፍጣው ላምባ ተቀላቅሎበት ከሆነ ገና ክዳኑ ሲከፈት እናገራለሁ።

ሥራውን ከተውኩ ወዲህ የምኖረው ሰመራ፣ ሴት ልጄ ዘንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ሎጊያ ሄጄ አንዲት የወሎ ሴት ሆቴል ወተት እጠጣለሁ። ወተቱን የምታመጣው አንዲት አፋር ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ነው።

አንድ ጠዋት ባለሆቴሏ ወተቱን መለሰችባት። ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ በሹፌሮች ጀሪካን ነው የምታመጪው አለቻት። አንዱ ሹፌር ተቀብሎ፣ “ለእኔ ይቀዳ ወይስ ለመኪናዬ?” ሲል ቤቱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

“ወላሂ፣ ዕቃዬን ናፍጣ ነክቶት አያውቅም” አለች።

መጀመሪያ እሷን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ባለሆቴሏን። ሰው ሳልጠረጥር የዋልኩበት ቀን የለም። ዕቃውን ተቀብዬ አሸተትኩት። ከሥር የታጠነበት የእንጨት ጭስ አለ። ከላይ ያለው ግን ናፍጣ አይደለም፤ እሳት ላይ የፈላ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ይህን የሚያፈላ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ከጋራዦቹ ጀርባ አሮጌ ዘይት ሰብስቦ የሚያጣራው ፋብሪካ።

ቤቷ ድረስ ሄድኩ። የፋብሪካው አጥር ከደጇ ነው፤ ጭሱን የሚለቀውም ሲጨልም ነው አለችኝ። ዕቃዋን አመሻሽ ላይ ታጥንና የጭሱ ምሬት እንዲወጣለት አፉን ከፍታ ውጭ ሰቅላ ታሳድረዋለች። እናቷም እንደዚያ ታደርግ ነበር። በእናቷ ጊዜ ፋብሪካ አልነበረም።

የፋብሪካውን ኃላፊ በሩ ላይ ያዝኩት።

“አባባ፣ የእኛ ጭስ ተጣርቶ ነው የሚወጣው።”

“ከተጣራ ቀን ቀን ለምን አትለቁትም? የምን ጨለማ መጠበቅ ነው?”

ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ገባ። ስልኩ ሲጮህ አልሰማሁም።

ሁለት ዕቃ አሳጠንኩ። አንዱ እዚያው አደረ፤ ሌላውን በባጃጅ ሰመራ ወስጄ ልጄ ግቢ ሰቀልኩት። ጠዋት ያንኑ አንድ ወተት በሁለቱም አስቀዳሁ፤ የትኛው የት እንዳደረ ሳልናገር ባለሆቴሏን አቀመስኳት። የመጀመሪያውን ተፋችው፤ ሁለተኛውን ጨለጠችው። ነገሩን ስነግራት ብርጭቆውን አስቀመጠች።

“ታዲያ እኛስ ሌሊቱን ሙሉ የምንተነፍሰው ይህንኑ ነው በሉኛ” አለች።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልዘርዝር። ወተቷን ወደ ሆቴሉ መልሻለሁ። ዕቃዎቿ አሁን ልጄ ግቢ ያድራሉ፤ ልጄ ብታጉረመርምም። ያንን ቀልደኛ ሹፌር ይቅርታ አስጠይቄዋለሁ። ጭሱን የሚያይ ሰው ከከተማው አስተዳደር አስመጥቻለሁ፤ የመጣው በቀን ነው፣ ማን በቀን ና እንዳለውም ሳልደርስበት አልቀርም። ልጆቿ አሁንም እዚያው አጥር ሥር ነው የሚያድሩት። ትንሿ ልጇ ሌሊት ሌሊት ታስላለች፤ ሳሉ ከየት እንደመጣ ለጤና ጣቢያው ባለሙያ አስረድቻለሁ፤ አልጻፈውም፣ ግን ሰምቶኛል።