ስለ ኤሌክትሮን ጥንዶች የጻፍኩት ገጽ

ስህተቴን ያገኘሁት ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በአውቶቡስ ወደ ሰመራ ስሄድ፣ አዋሽ አርባን ካለፍን በኋላ ነው። ከስልኬ እያነበብኩ ነበር።

የምሄደው እዚያ ዩኒቨርሲቲ ለቤተ ሙከራ ረዳትነት ልፈተን ነበር። ዲፕሎማ የለኝም፤ ፍሪጅ እየጠገንኩ ከስልክ አንብቤ የተማርኩ ነኝ። የጠሩኝ በጻፍኩት አንድ ገጽ ብቻ ነው። ከቤተ ሙከራው ዕቃዎች አንዱን አብራሩ ስላሉ ሱፐርኮንዳክተሩን መረጥኩ፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ምንም ሳያግድ የሚያሳልፍ፣ ሸክላ የሚመስል ጥቁር ክብ ነው። ኤሌክትሮኖች ይገፋፋሉ፣ እዚህ ውስጥ ግን ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ አልኩ። በሰኔ ሙቀት አስፋልታችን ይለሰልሳል፤ የፊተኛው ከባድ መኪና ያጎደጉደዋል፣ የኋለኛው ሳይወድ እዚያው ይገባል። የፊተኛው ኤሌክትሮንም አተሞቹን ወደ ራሱ ስቦ ለኋለኛው መንገድ ያበጅለታል ብዬ ጻፍኩ።

አሁን የማነበው ግን ይህ ለነእርሳስና ለነአሉሚኒየም ነው ይላል። የእኔው ክብ የመዳብ ኦክሳይድ ነው፤ እንደ እነዚያ እጅግ መቀዝቀዝ አያሻውም። እዚያ የአተሞቹ መሳብ ብቻውን አይበቃም። ምን እንደሚያጣምራቸው አዋቂዎቹ ገና አልተስማሙም።

አጠገቤ የተቀመጡ ወሎዬ ነጋዴ አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ አመመህ?"

"ፈተና አለብኝ ጋሼ። ስለ ቅዝቃዜ።"

"ሰመራ? ስለ ቅዝቃዜ?" ሳቁ። "ወላሂ፣ እዚያ ማን ያውቀዋል ብለህ ነው። የመጣልህን በል።"

ምክራቸው ደስ አለኝ። ልከተለው ስለዳዳኝም ይበልጥ ፈራሁ።

ሰመራ ስደርስ ፈታኙ ገጼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

"የአስፋልቱን ነገር ወድጄዋለሁ" አለኝ።

ዝም ብል ሥራው የእኔ ሊሆን ይችላል።

"መምህር፣ ለዚህ ዕቃ የጻፍኩት ስህተት ነው።"

ቀና አለ። "ታዲያ ምንድን ነው የሚያጣምራቸው?"

"አላውቅም። መጣመራቸው ተረጋግጧል። አንድ አተም ላይ መደራረብ አይወዱም፤ ትንሽ ተራርቀው ነው የሚጣመሩት። ብዙዎች ምክንያቱ መግነጢስ ነው ይላሉ፤ የአንዱ አተም መግነጢስ ወደ ላይ ሲያመለክት የጎረቤቱ ወደ ታች ያመለክታል። ግን አልተቋጨም።"

"እዚህ ገጽ ላይ ግን እርግጠኛ ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

ከዚያ ገጹን ከነእስክሪብቶው ወደ እኔ ገፋው።

"አርመው። እዚሁ።"

የመጀመሪያውን መስመር ስሰርዝ እስክሪብቶውን አጥብቄ ተጭኜ ወረቀቱን ቀደድኩት። ሥራው አበቃለት ብዬ ቀና ስል፣ መሳቢያውን ከፍቶ ሌላ ወረቀት እየፈለገልኝ ነበር።