እናቴን የምናመጣበት ቀሚስ

ገና ውሃ ያልነካው አዲስ ጨርቅ በሸተተኝ ቁጥር ፈቀቅ እላለሁ። ሌላው ሰው በአዲስ ልብስ ሽታ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን እናቴ ከቤት የወጣች ይመስለኛል።

ክረምት ሲገባ፣ ጣና ሞልቶ የሰፈራችን ቦይ አልፈስ ሲል፣ አባቴ ይብስበት ነበር። ጎረቤቶቻችን ዝናቡ ቤት ስለሚያውለው ነው ይሉ ነበር፣ ዱላ እንደ ጉንፋን ወቅት ያለው ይመስል። እናቴ ተመትታ ስትመረር ነጠላዋን አጣፍታ ዱርቤቴ ከተማ አባቷ ቤት ትሄድ ነበር። እኔን ይዛ እንዳትሄድ አባቴ በሩ ላይ ይቆምባታል። በማግሥቱ ጨርቅ ገዝቶ ልብስ ሰፊው ዘንድ ይወስደኛል፤ ቀሚሱ ሲያልቅ አባቴ ለዕርቅ የሚልካቸው ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችን እኔን መሐል አድርገው በሚኒባስ ይሳፈራሉ። እነሱ ብቻቸውን ቢሄዱ እንደማትመለስ፣ እኔን ካየች ግን እምቢ ማለት እንደማይሆንላት ሁሉም ያውቁ ነበር።

እኔ ምን አውቃለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። መስከረም ከሆነ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አደይ አበባ እያየሁ፣ በጋ ከሆነ አቧራውን እየዋጥሁ፣ ቀሚሴ እንዳይጨማደድ ቀጥ ብዬ እቀመጥ ነበር። እናቴን ላገኝ ነዋ። እሷ ሽማግሌዎቹን አንገቷን ደፍታ ሰምታ ስታበቃ ወደ ጉልበቷ ስባኝ የቀሚሴን ጠርዝ እየዳበሰች «አምሮብሻል» ትለኝ ነበር። ይህን ካለች ነገሩ አለቀ፤ ተነሥታ ልብሷን ትሰበስባለች። የንስሐ አባታችንም ለልጅሽ ብለሽ ነው፣ እግዚአብሔር ይቁጠርልሽ ይሏት ነበር።

አንድ የፋሲካ ሰሞን ዝምተኛው አያቴ አፍ አውጥተው «አባቶቼ፣ ልጅቱም እዚሁ ከእናቷ ጋር ብትቀርሳ?» አሉ።

«አባት እያላት?» አላቸው አንዱ ሽማግሌ፣ እየሳቀ።

ያን ቀንም እናቴን ይዘን ተሳፈርን። ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ አባቴ ግራ ጆሮዋን መታት፤ እስከ ዛሬ በዚያ ጆሮዋ አትሰማም። ከዚያ ወዲያ ሄዳ አታውቅም፣ ለእኔም ቀሚስ አልተሰፋልኝም።

አሁን እዚሁ ባሕር ዳር የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ በሚታይበት መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። አምና የመሥሪያ ቤታችን መመሪያ ይሻሻላል ተብሎ ሐይቁ ዳር ካለ አዳራሽ ስንሰበሰብ፣ ልጆች ከተመታች እናታቸው ጋር ይቆዩ፣ ለማስታረቂያም አይቅረቡ የሚል አንቀጽ እንዲገባ ለመንሁ። ቤተሰብ ይበትናል ተባለና ለሚቀጥለው ውይይት ተላለፈ፤ ሌላ ውይይት ግን አልተጠራም። ተናድጄ ነበር፣ አሁን ንዴቱም ደክሞታል።

ባለፈው ሳምንት ከደልጊ ሸሽታ እኛ ዘንድ የተጠለለች ሴት ነበረች። ሽማግሌዎች መጡ፣ ልጇንም ይዘዋት ነበር፤ ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ። ስጠጋት የአዲስ ጨርቅ ሽታው ተቀበለኝ።

እናትየዋ ለብቻ ጠርታኝ «እህቴ፣ ልጄን እዚህ ከእኔ ጋር ልታስቀሪልኝ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«መመሪያው አይፈቅድልኝም» አልኋት።

ያኔ እናቴ ከአባቷ ቤት በቀር የምትሄድበት አልነበራትም። ዛሬ መሥሪያ ቤት አለ፣ ማኅተም አለ፣ እኔም አለሁ። ሴትዮዋ ተመልሳ ልጇን ወደ ጉልበቷ ሳበቻት፣ የቀሚሷን ጠርዝ ዳበስ አድርጋም «አምሮብሻል» አለቻትና ልብሷን ልትሰበስብ ተነሣች።