በጆሮው ብቻ የሚያየው መካኒክ

የእህቴ ተዝካር ትክል ድንጋይ ከተማ ተደግሶ፣ እኔ አዘዞ ላይ ከአንድ መካኒክ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ልጄ የሚነዳት አሮጌ ደብል ማርሽ ማኪና በተነሳች ቁጥር ከሆዷ «ቋ» ትላለች። መካኒክ ተብዬው ነጭ በነጭ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ብረት አልነካም። መስማት ግን ሥራ አይደለም» አለን።

ሸጋ፣ ይስማ ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስትነሳ ቋ አለች። «እማማ፣ እስኪ ይውረዱ» አለኝ። ወረድኩ፤ ዝም አለች። «አሁን ይውጡ።» ወጣሁ፤ ቋ። በዚህ ጉልበቴ አምስት ጊዜ ሲያወጣኝ ሲያወርደኝ ቆይቶ፣ እንደ ትልቅ ሐኪም ጉሮሮውን ጠረገና «ችግሩ እርስዎ ነዎት፤ ይከብዷታል» አለኝ።

«ምነው ጎንበስ ብለህ ከሥር የሚሽከረከረውን ዘንግ ብትነቀንቀው?»

«ማኪና ያውቃሉ እንዴ፣ እማማ?»

«እንዝርት አውቃለሁ። የሚሽከረከር ነገር ከላላ ይንኳኳል።»

ከት ብሎ ሳቀ። እኔን ሁለት ያክላል፤ «በል አንተ በእኔ ቦታ ተቀመጥ» ብዬው ከፊት ገባሁ። ልጄ ገና ከመነሳቱ የዘንጉ አንድ ጫፍ ጓ ብሎ አስፋልቱ ላይ ወደቀ።

«ማያያዣው ነው፣ ክሮቸራው! ብዬ ነበር እኮ» አለ ሰውየው ከኋላ።

ልጄ ከሥር ገብቶ የተንጠለጠለውን ዘንግ ፈታ፣ የፊት ጎማዎቹን የሚያሠራውን ደብሉን አስገባ። ማኪናዋ በፊት ጎማዎቿ ብቻ እየተጎተተች ትክል ድንጋይ አደረሰችን። ሰውየው ግን ከማኪናዋ አልወረደም ነበር፤ ተዝካሩ ላይ ከዘመድ ሁሉ ቀድሞ እጁን ታጠበ።