ያሬድ የሚበላበት ቦታ

ይህ የሆነው ታላቅ ወንድሜ ያሬድ ባረፈ በአራተኛው ወር ነው። በፈረንጆቹ 2016፣ ነሐሴ ላይ። አገር ቤት ክረምት፣ እዚህ ኦስሎ በጋ ነበር። የማልረሳው እናቴ ከለቅሶው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ የበላችው ያን ዕለት ስለሆነ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይገባም።

አማርኛ ስጽፍ ቶሎ ቶሎ እቆማለሁ። እዚህ የመጣሁት በልጅነቴ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃንም የጨረስኩት እዚሁ ነው። ስለ ያሬድ ስጽፍ ደግሞ የባሰ እቆማለሁ። አንባቢ ይታገሠኝ።

ያሬድ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። እማዬንና እኔን ወደ ኖርዌይ ያመጣን እሱ ነው። ሥራው ከኦስሎ ወደ ጀርመን በሚመላለስ ትልቅ መርከብ ላይ ሳህን ማጠብ ነበር። ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ ይውላል ያድራል፤ ሁለት ሳምንት ትቬይታ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ያለው ቤታችን ነው። ቤት ሲሆን ሶፋው ላይ ይጋደምና መርከቡ ላይ ስላሉት ሀብታሞች ያወራልናል። ስዊት የሚባሉ ትልልቅ ክፍሎች አሉ። እነዚያን ክፍሎች የያዙ እንግዶች ብቻ የሚገቡበት ምግብ ቤትም አለ። ሌላው ተሳፋሪ በሩን አያልፍም። ያሬድ የሚያጥበው የዚያን ቤት ሳህን ነው።

«እማዬ፣ ሳህኑ ይኼን ያክላል» ይላል እጁን ዘርግቶ። «ምግቡ ግን ከሳህኑ ጋር እንደተጣላ ሰው ጥግ ይዞ ነው የሚቀመጠው።»

«ታዲያ ምኑን ይበሉታል?»

«መጀመሪያ ያዩታል፤ ከዚያ ፎቶ ያነሱታል፤ ከዚያ እኔ አጥባለሁ።»

እማዬ ትስቃለች። ከሳቀች በኋላ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች። «አንተስ? አንተ ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

«ከሰው ጋር ነዋ!» ይላታል። ከዚህ በላይ ተናግሮ አያውቅም።

ሊሄድ ሲል በርበሬ ይጠይቃታል። በማርማላታ ጠርሙስ ሞልታ ትሰጠዋለች። የእማዬ በርበሬ ነጭ አዝሙድ ይበዛበታል። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች ይቀልዱባታል፤ እሷ ግን ሰምታቸው አታውቅም።

«ለአንድ ሰው ይኼ ሁሉ በርበሬ?» ስትለው፣ «መርከቡ ትልቅ ነው» ይላል።

ያሬድ በዕረፍት ሳምንቱ ቤት ውስጥ ተኛ፤ አልነቃም። ልቡ ነው አሉን። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ለቅሶው ሲበተን እማዬ ምግብ ተወች። ሻይ በብስኩት፣ አንዳንዴ ግማሽ ሙዝ። ጎረቤት የሚያመጣው ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ይበላሻል። ሐኪማችን መዘናት፤ እንደገና ሲመዝናት ፊቱ ተለወጠ። እኔ እለምናለሁ፣ እቆጣለሁ፣ አለቅሳለሁ። መልሷ ያው ነው።

«ልጄ ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ላይ ብቻውን ሲበላ ኖሮ፣ እኔ እዚህ ተመቻችቼ ልጎርስ?»

ብቻውን አልነበረም ልላት እፈልጋለሁ። ግን አላውቅም።

የመርከቡ ሠራተኞች ቀብሩ ላይ መጥተው ነበር። ከእነሱ አንዷ፣ ሊንዳ የምትባል አስተናጋጅ፣ ሰንብታ ደወለችልኝ። ከኃላፊዎቻቸው ጋር ተነጋግረው ለእማዬና ለእኔ አንድ ጉዞ አዘጋጅተዋል። ያውም በስዊት። ቀኑን እናንተ ምረጡ አለችኝ።

እማዬ መጀመሪያ ተቆጣች። «ከነሐዘኔ መርከብ ላይ ልዝናና? ሰው ምን ይለኛል?» ለብዙ ቀን አላነሳነውም። ከዚያ አንድ ቀን የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «የሚበላበትን ቦታ ያሳዩኛል?» አለች።

«ጃ፣ አዎ፣ ያሳዩሻል» አልኳት። ያሳዩን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።

ብሪን በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከሥራ ፈቃድ ያገኘሁበትን ቀን ለሊንዳ ሰጠኋት። ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት ወደቡ ላይ ስንደርስ ነው። እማዬ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ መርከቡን ታያለች። እንደ ሕንፃ ነው የቆመው።

«ምግቡን የጾም አድርጉልን ብለሃቸዋል አይደል?» አለችኝ።

«የምን ጾም?»

ዞር ብላ አየችኝ። «ፍልሰታ ነዋ! ሕፃን የሚጾመውን! አንተ ልጅ፣ የት አገር ነው የምትኖረው?»

ምን ልበል። ኖርዌይ አልላት ነገር።

ክፍሉ ከቤታችን ሳሎን ይሰፋል። አልጋው ላይ ቸኮሌት ተቀምጧል። በመስኮቱ ፊዮርድ የሚሉት የጠባቡ ባሕር ደሴቶችና ትናንሽ ቀይና ቢጫ የእንጨት ቤቶች ያልፋሉ። እማዬ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ልክ ሐኪም ጋ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። ቦርሳዋ ውስጥ በሶ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሽታው ይመጣል።

እራት ሰዓት ደረሰና ወደ ምግብ ቤቱ ወጣን። በሩ በክፍላችን ካርድ ነው የሚከፈተው። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ሻማ፣ በየሰው ፊት የተደረደረ ሹካ። ሰዎቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው በሹክሹክታ ያወራሉ። ሊንዳ እማዬን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ መስኮት አጠገብ አስቀመጠችን።

ያን ጊዜ ስለ ጾሙ መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ። ያ ሁሉ ተዘጋጅቶልን «አንበላም» ማለት አቃተኝ።

የመጀመሪያው ሳህን መጣ። መሐሉ ላይ በቅቤ የተጠበሰች ቁራሽ ዳቦ፣ በላይዋ የዓሣ እንቁላል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች እማዬ በቀስታ።

«የዓሣ እንቁላል።»

«ዓሣ። እንቁላል። ቅቤ።» አንድ በአንድ በጣቷ አሳየችኝ። «ምንም ሳያስቀሩ ነው የሰበሰቡት። በል አንተ ብላ፤ አንተማ ከጾም ጋር አትተዋወቅም።»

የእሷንም የእኔንም በላሁ። ሁለተኛው ሳህን ሲመጣ እማዬ አንድ ነገር አደረገች። የእሷን ምግብ በማንኪያ አንስታ እኔ በልቼ የጨረስኩበት ሳህን ላይ ገለበጠችው። የእሷን ሳህን በናፕኪን አበስ አበስ አድርጋ ለሊንዳ መለሰችላት።

«ንጹሕ ነው በላት። አይታጠብ።»

«እማዬ፣ እዚህ እንደዚያ አይደረግም።»

«ልጄ ነው እንዴ ይኼን ሁሉ ሳህን ሲያጥብ የኖረው? ለዚች ለዚች ቅምሻ? ኧረ አንድ ሳህን ይበቃናል!»

አጠገባችን ያሉት ሽማግሌና ሚስታቸው ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሊንዳ ሳህኑን ይዛ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። ሦስተኛው ሳህን ሲመጣም እንደዚያው ሆነ። ሊንዳ ጎንበስ ብላ፣ «አልወደደችውም እንዴ?» አለችኝ።

አሁን ማምለጫ የለም። ጾም ላይ መሆናችንን ነገርኳት። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተትና ቅቤም የለም። ሳህኑንም ለምን እንደመለሰች ነገርኳት።

ሊንዳ አፏን በእጇ ያዘች። «ዛሬ እኮ ረቡዕ አይደለም» አለች።

«አይ፣ ይኼኛው ሁለት ሳምንት ነው።»

«የነሐሴው! ኦ፣ የነሐሴው ነው!» አለችና ሳህኖቹን ትታ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች። ሄደች ሳይሆን ሮጠች ማለት ይሻላል። የነሐሴውን ጾም ከየት እንዳወቀችው አልገባኝም።

ብዙ ጠበቅን። «አስከፋናቸው» አለች እማዬ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ቀይ ጢም ያለው፣ ቁመቱ በሩን የሚሞላ ሰው ነጭ ልብሱን ለብሶ ወጣ። ስሙ አርነ ነው፤ የዚያ ምግብ ቤት ዋና ወጥ ሠሪ። በእጁ ጠርዙ የጠቆረ የብረት ድስት ይዟል። በዚያ ሁሉ ነጭ ጠረጴዛ መሐል አምጥቶ እኛ ፊት አስቀመጠው። ከጎኑ በፎጣ የተጠቀለለ ቂጣ። ክዳኑን ከፈተ። ቀይ ምስር ወጥ ነው።

«ያሬድ ማት» አለ።

የያሬድ ምግብ ማለቱ ነው። ለእማዬ ተረጎምኩላት። አርነ ቆሞ እየተናገረ፣ እኔ እየተከተልኩ፣ እሷ ድስቱን እያየች ሰማችው። ያሬድ ረቡዕና ዓርብ የሠራተኛውን ምግብ ስለማይበላ ለራሱ ምስር መሥራት ጀመረ። ሽታው ሁሉንም ጠራቸው። መጀመሪያ አርነ ቀመሰ፤ ቀጥሎ ሊንዳ፤ ከዚያ ወጥ ቤቱ በሙሉ። በኋላ ረቡዕ ሲሆን ሥጋ የሚጠይቅ ጠፋ። የነሐሴው ጾም ሲገባ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምስር ነው።

«ለየብቻ ሳህን ስናነሳ ግን ይቆጣን ነበር» አለ አርነ። «ሳህን የማጥበው እኔ ነኝ፣ በአንድ ነው የምትበሉት ይለናል። ሁላችንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ቆመን ነው የምንበላው።»

ይኼን እያመነታሁ ተረጎምኩላት። እማዬ ግን ሳቀች። ከአራት ወር በኋላ ሳቀች። «ሰምተሃል? ያው የእኔ ልጅ!» አለችኝ።

ከዚያ ቂጣ ቆረሰች። ከምስሩ ጠቅልላ አፏ ውስጥ አደረገች። አኘከች፤ ማኘኳን አቆመች። እኔን ሳይሆን አርነን ቀና ብላ አየችው።

«ይኼ የእኔ በርበሬ ነው።»

ነገርኩት። አርነ ወጥ ቤት ተመልሶ ገባና የማርማላታ ጠርሙሱን ይዞ መጣ። ሥሩ ላይ ጥቂት ቀርቶታል። ያሬድ ካረፈ በኋላ ማንም ሊነካው ስላልደፈረ መደርደሪያው ላይ እንደነበረ ተቀምጧል። ዛሬ ነው የከፈትነው አለ።

እማዬ ጠርሙሱን ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ ብድግ አለች። «ተነስ። እዚህ አይደለም የምንበላው። የሚበላበት ያሳዩን።»

እንግዳ ወጥ ቤት አይገባም። አርነ ስልክ ደወለ፤ ከአንድ ሰው ጋር ሁለት ቃል ተነጋገረ፤ ከዚያ በሩን በጀርባው ገፍቶ ያዘልን። እማዬ በጥቁር ቀሚሷ ገባች፤ እኔ ድስቱን ይዤ ተከተልኩ። የብረት ጠረጴዛ አለ። ከጎኑ ሳህን ማጠቢያው። አርነ በእጁ አንድ ጥግ አሳየን፤ ያሬድ የሚቆምበት ነው። እማዬ ጠረጴዛውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ሰው እንደሚዳበስ።

አንድ ትሪ ወጣ። ሥራ የያዘውም ያልያዘውም ተሰበሰበ፤ አንድ ሁለት ጎርሶ ወደ ምድጃው የሚመለስ፣ መጥቶ የሚተካው። እማዬ ባሕር ላይ እንዳለች ረሳችው መሰለኝ፤ ጠቅልላ ለአርነ ዘረጋችለት። ያ ግዙፍ ሰው ይደነግጣል ብዬ ነበር። ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ። ጎረሰ። ከጎረሰ በኋላም ቀና አላለም። እንዳጎነበሰ ሆኖ በአማርኛ፣ «ሁለት» አለ።

እማዬ እጇ አየር ላይ ቀረ። «ማን አስተማረው?» አለችኝ። መልሱን ግን አልጠበቀችም። ሁለተኛውን አጎረሰችው፤ ከዚያ ሊንዳን፤ ከዚያ እኔን። ከዚያ ራሷ በላች። ትሪው እስኪያብረቀርቅ ድረስ በላች። ስትጨርስ እጅጌዋን ሰብስባ ትሪውን ይዛ ወደ ማጠቢያው ሄደች። ማንም አልከለከላትም።

ሐዘናችን አልሄደም። እማዬ አሁንም አንዳንድ ጧት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ግን ትበላለች። ብቻውን ይበላ ነበር የሚለውን ነገርም ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። እኔ ድሮ ያን መርከብ አልወደውም ነበር፤ ወንድሜን ሁለት ሁለት ሳምንት የሚወስድብኝ እሱ ነው። አሁን ከኤከበርግ ኮረብታ ላይ ሆኜ ሲወጣ ሳየው ቀኑን አስባለሁ። ረቡዕ ከሆነ አንድ ትሪ ዙሪያ ሰዎች ቆመዋል። ከእነሱ የሚጾም ማንም የለም፤ ምስሩን ግን አልተውትም። ይኼን ሳስብ ደስ ይለኛል። ደስታ ማለት ትክክለኛው ቃል መሆኑን አላውቅም፤ ሌላ ግን አላገኘሁም።

ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን ሊንዳ ትደውልልኛለች። ወደብ ወርጄ እቀበላታለሁ፤ እማዬ ትሞላዋለች። ባለፈው የሞላሁት እኔ ነበርኩ። አፉ ድረስ ሳላደርሰው ክዳኑን ላደርግ ስል እማዬ ከሶፋው ላይ አየችኝ።

«ጨምርበት እንጂ» አለችኝ። «መርከቡ ትልቅ ነው።»