አባቴና ጥምጥማቸው

ቄሱን አባቴን ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ሰነፈ። ደብረ ታቦር ስንወስዳቸው ሐኪሙ "ቀላሉ ነው የያዘዎት" አላቸው። ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች።

"ብቻዎን ይበላሉ?"

"በግራ እጄ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።"

"እግርዎንስ ብቻዎን ይታጠባሉ?"

"ድሮም የምታጥበኝ ባለቤቴ ናት። እሱን ከበሽታው እንዳትቆጥሪው።"

"ብቻዎን ይለብሳሉ?"

ግራ እጃቸውን ወደ ጥምጥማቸው ሰደዱ። ከቀሰሱ ጀምሮ ጥምጥማቸውን የሌላ ሰው እጅ ጠምጥሞላቸው አያውቅም።

ቤት እንደገባን የሻሹን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው በግራ እጃቸው ማዞር ያዙ። እናቴ ልታግዛቸው ስትጠጋ፣ አፋቸው ስለተያዘ በዓይናቸው ይቆጧታል። በሦስተኛው እሑድ ተሳካላቸው።

"አባ፣ ዘመም ብሏል እኮ" አልኳቸው።

"እኔስ መች ቀጥ ብዬ ቆምኩ?" አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ደብሩ ወጡ።